በጎቹንም ወሰዳቸው

ዕፀገነት ወሬዋን የጀመረችው በመንገዱ መዘጋጋት ነበር። ወሎ ሰፈር ካለው ሆቴል አዳራሽ ገብታ ከሊና ጎን እንደተቀመጠች፣ ከአያት እዚህ እስክትደርስ ታክሲ ውስጥ ስንቴ እግሯን እንደተረገጠች ነገረቻት። ከዚያ የሊናን ቀሚስ አደነቀች፤ ኬኩንም ቀምሳ አመሰገነች።

ሊና ሲኤምሲ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ከፋሲካ በኋላ ደራሲውን ታገባለች። ደራሲው ደግሞ እዚያው አጠገባቸው ጠረጴዛ ላይ፣ በዕለቱ የተመረቀ ልቦለዱን ለሰው እየፈረመ ነው። መጽሐፉ ስለ አንድ የጦር ሜዳ ጋዜጠኛና ስለ ፍቅረኛው ነው። ዕፀገነት የምትለው ሁሉ ለደራሲው ይሰማዋል፤ ወንበሩን የመረጠችውም ለዚሁ ነበር።

ሊና የምታውቀው እንግዳዋ የእጮኛዋ የድሮ ባልደረባ መሆኗን ብቻ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ያልፋል። ዕፀገነትና ደራሲው አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ሲሠሩ ተዋደዱ፤ ጦርነቱ ሲነሳም ለዘገባ አብረው ወደ አንዲት የግንባር ከተማ ሄዱ። ከባድ መሣሪያ ከተማዋን መምታት በጀመረ ጠዋት እሷ ክሊኒክ ውስጥ ቁስለኞች ታነጋግር ነበር። እሱ "ዜናውን ልኬ መጣሁ" ብሎ በጣቢያው መኪና ወጣ። ወጥቶም ቀረ። እሷ ከቁስለኞቹ ጋር ምድር ቤት ውስጥ ሰነበተችና፣ በመጨረሻ ሐሩን የሚባል የበግ ነጋዴ ጋቢውን አልብሶ፣ በጎቹ መሃል አይሱዙው ላይ ጭኗት አዲስ አበባ ገባች። ደራሲው ቤቷ በር ላይ ጠብቆ አቅፏት አለቀሰ። እሷም ይቅር አለችው። እንዲያውም አጽናናችው።

በኋላ ተለያዩ። መጽሐፉ ከምረቃው ቀድሞ ገበያ ላይ ሲወጣ ገዝታ አነበበችው። እዚያ ውስጥ ከተማዋ ላይ የሚቀረው ወንዱ ነው፤ ልጅቷ እያለቀሰች በመኪና ትሸኛለች። ዕፀገነት እስከዚህ ድረስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጀግናው በበግ መኪና ሲመለስ ግን ሳቋ ቆመ።

"እኔማ አነበብኩት፣ ሊናዬ" አለች አሁን፣ ዓይኗን ከኬኩ ሳታነሳ። "ልጅቷን ብቻ አልወደድኳትም። መኪናው ውስጥ ገብታ እየተነፋረቀች ትሄዳለች... ፍቅረኛውን እሳት ውስጥ ጥሎ መኪና የሚገባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ልቦለድ ስለሆነ ነው እንጂ!"

ቀጥላ የጸሐፊውን ችሎታ አወደሰች። ያየ ሰው ሁሉ ያየውን ይጽፋል፤ ሳያዩ እንዲህ መጻፍ ግን መታደል ነው አለች። ስለ ቅልጥፍናውም መሰከረች፤ ጣቢያው ውስጥ የሚስተካከለው አልነበረም፣ ዜናው ገና ሳይደርስ እሱ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጡትን እናቱን እትዬ የሺመቤትንም በአገጯ አሳየቻት።

"ምን የመሰሉ እናት ናቸው። በዚያ ጦርነት ስንቷ እናት አለቀሰች... እሳቸው አንድ ቀን አላለቀሱም። ተረቱስ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት አታለቅስም አይደል የሚለው?"

ሊና ፈገግ እንዳለች ነበር፤ ፈገግታዋ ግን መሄጃ እንዳጣ እንግዳ ፊቷ ላይ ቆመ።

"እኔም እኮ ዘጋቢ ተብዬ ነበርኩ" አለች ዕፀገነት። "የሰው ጋዜጠኛ በሄሊኮፕተር ሲመጣ እኔ በበግ መኪና ገባሁ። አንድ ጠቦት መንገዱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ እንደሱ ያመነኝ ወንድ የለም... ቤቴ ስደርስ ጎረቤቶቼ እንኳን ደህና መጣሽ ከማለታቸው በፊት አፍንጫቸውን ያዙ።"

ብቻዋን ሳቀች።

"ይኸን ለአንድ ሰው አወራለት ነበር። ሽሮዬን እያማሰልኩ አወራለታለሁ፤ እሱ 'ከዚያስ? ከዚያስ?' ይለኛል። እኔ ጅሏ ፍቅር መሰለኝ። እንዲህ የሚያዳምጥ ወንድ ከየት ይገኛል ብዬ፣ ያልጠየቀኝን ሁሉ ጨምሬ ነገርኩት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ እሰማ ነበር... ለካ መጽሐፍም ይቆረጣል።"

ሊና ሹካዋን አስቀመጠች። ከመጽሐፉ ሁሉ የወደደችው ያንን ጠቦት እንደሆነ ቅድም ለሰው ስትናገር ዕፀገነት ሰምታለች። ሊና ቀስ ብላ ወደ ደራሲው ዞረች። እሱ አንገቱን እንደደፋ ነው፤ እስክሪብቶው ግን የአንዲት አንባቢ ስም አጋማሽ ላይ ቆሟል።

ዕፀገነት ይህችን ደቂቃ ስትመኛት ነበር የከረመችው። ስትደርስ ግን እንዳሰበችው አልጣፈጠቻትም። የሊና ፊት የራሷን ፊት አስታወሳት፤ በሩ ላይ ቆማ፣ የሚያለቅስ ወንድ ስታጽናና የነበረውን። ደግሞ ሌላ የሚያሳፍር ነገር ነበር። ይኸ ሁሉ ሲወረወርበት አንድ ጊዜ ቀና ብሎ እንዲያያት ጠብቃ ነበር። አላያትም። የሚሸሽ ሰው ዓይኑም ይሸሻል፤ ይህን ለማወቅ ከአያት ድረስ መጋፋት አያስፈልግም ነበር ስትል በራሷ ላይ ቀለደች።

ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። ሊናን ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሳመቻት፤ ድምጿ እንደ ታላቅ እህት ነበር፣ ደራሲው እንዲሰማም ከፍ አደረገችው።

"ጎጆሽን ያሙቅልሽ፣ እህቴ። ውለጂ፣ ክበጂ። ዘመንሽን ሁሉ ሰላም ያድርግልሽ... የባልሽን ጀግንነት የምትፈልጊበት ቀን እግዜር አያምጣብሽ።"