የሜትሩ ጫፍ

በሰው አገር፣ ጠዋት ወደምንሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ወደ ኮንየርስ ዌርሃውስ፣ በሚወስደን ቫን ውስጥ ሽማግሌው ሹፌራችንና አጠገቡ የተቀመጠች ደቡብ ሱዳናዊት ሲያወሩ ሰማሁ። ልጅቷ ጋምቤላ ስላደገች አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው።

«አገራችሁ ነፃ የወጣች ቀን የት ነበርሽ?»

«ከጋምቤላ ተመልሰን ጁባ ነበርን። ከእማዬ ጋር ደጃፋችን ያለውን መንገድ ስንጠርግ ዋልን።»

«ለምን?»

«መንግሥት ሊመጣልን ነው ተባለ። መንገዱ ቆሽሾ እንዳይጠብቀው ነዋ።»

«መጣ?»

«ኧረ የለም ጋሼ። ውሃ የለ፣ መብራት የለ። እማዬ ግን እስካሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠርጋለች።»

«አልሰለቻቸውም?»

«እኔም መንግሥት እንግዳ ነው እንዴ እላታለሁ። ትናንት ከሥራ ዕረፍት ወጥቼ፣ ብሬክ ላይ እያለሁ ደወለችልኝ። ሰዎች መጥተው መንገዱን ለኩት አለች።»

«ለክተው ሄዱ በይኛ።»

«ሄዱ። ግን ሰው ጎድሏቸው ‹እማማ፣ የሜትሩን ጫፍ ይያዙልን› አሏት።»

«ያዙላቸው?»

«አጥብቄ ነው የያዝኩት አለችኝ። አስፋልቱ ሲመጣ እኔም አለሁበት ትላለች።»

ሹፌሩ ወደ ዌርሃውሱ መንገድ ታጠፈ።

«እንግዲያውስ ይመጣላቸዋል» አለ።

ዌርሃውሱ በር ላይ ልወርድ ስል፣ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሁለት ጣቶቼን የሜትር ጫፍ እንደያዘ ሰው አጥብቄ ገጥሜ መቆየቴን አየሁ።