ሃያ አንዱ ቀዳዳ

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ። የመኪና ወንበርና ምንጣፍ ሰፊው ጋሽ እንድሪስ በሟቹ ሾፌር በአቶ ይመር አሮጌ ፔጆ የኋላ ኮፈን ውስጥ አጎንብሰዋል፤ የሟቹ ልጅ አስካለ አጠገባቸው ቆማለች።

አስካለ፦ እሱን የወንበር ጀርባ ሳንቃ ያልብሱት አላልኩም፣ ጋሼ። ወለሉንና ጎኑን ብቻ ነው ያልኩት።

እንድሪስ፦ ሌላው ሁሉ ለብሶ የወንበሩ ጀርባ ራቁቱን ሊቀር? ሙሽራ አልብሶ ጫማ መንሳት ነው። ደግሞ እይው፣ ወንፊት ሆኗል።

አስካለ፦ ወንፊት ይሁን። አባቴ ያለው እንደዚያ ነው።

እንድሪስ፦ አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሾፌር እንጂ ሰፊ አልነበሩም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው።

አስካለ፦ ሲሞት እኮ ነው የተናዘዘው። መኪናዋን ለልጅሽ ሰርግ አሳምሪያት፣ ከእንድሪስ በቀር ማንም እንዳይነካት አለ። ቀዳዳዎቹን ግን እንዳይደፍናቸው ንገሪው አለኝ።

እንድሪስ፦ ለምን ይሆን?

አስካለ፦ እሱን አልነገረኝም።

እንድሪስ፦ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ውሸት አይሆንልሽም። ቅድም ኮፈኑን ስትከፍቺልኝ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሽው ለምንድን ነው?

አስካለ፦ የቤታችን ልማድ ነው። እናቴም ሳታንኳኳ አትከፍተውም ነበር።

እንድሪስ፦ ባዶ ኮፈን ይንኳኳል? ማን ግቡ ሊላችሁ?

አስካለ፦ ይተዉት፣ ጋሼ። ሆድ ይፍጀው።

እንድሪስ፦ እኔ እኮ እነዚህን ቀዳዳዎች አውቃቸዋለሁ። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ወንድምሽ ሙሉሰው መንግሥት ፈልጎት የሸሸ ሰሞን፣ አባትሽ የኮፈኑን ምንጣፍ ብቻ ቀይርልኝ ብለው አመጧት። ችኮላቸው ለጉድ ነበር። ሳየው ሳንቃው ተበሳስቷል፤ አይጥ ነው አልኩ። ካርቶን ለጥፌ፣ በማስቲሽ ደፍኜ፣ ወፍራም ምንጣፍ አለበስኩላቸው። ምርቃት ነው፣ እሳቸው አልጠየቁኝም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያ የጠበቀ ሥራ ከዚያ ወዲህም አልሠራሁ። ትንፋሽ አያስገባም ነበር።

አስካለ፦ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

እንድሪስ፦ ምን አልሽ?

አስካለ፦ አይጥ ሰባት ሰባት አድርጎ በሦስት መስመር ይበሳል እንዴ፣ ጋሼ?

እንድሪስ፦ ሰባት… አዎ። በመሰርሰሪያ ነው የተበሳው።

አስካለ፦ አፌን ቁርጥ ያርገው። ይተዉት በቃ፣ እኔ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።

እንድሪስ፦ ሙሉሰው ጅቡቲ ገባ ነበር ያላችሁን።

አስካለ፦ አባቴ ነው ያለው።

እንድሪስ፦ በየኬላው ፍተሻ ነበር። በምን ሄደ?

አስካለ፦ መቀሱን ያስቀምጡት፣ ጋሼ።

እንድሪስ፦ በምን ሄደ አልኩሽ፣ አስካለ።

አስካለ፦ በዚህች። በጨለማ ገብቶ፣ እዚህች ውስጥ ተኝቶ። አባቴ በየመንገዱ እየቆመ ያንኳኳል፣ እሱም ከውስጥ ያንኳኳል፤ ቃላቸው ይኸው ነበር። ኮምቦልቻ ላይ መለሰለት። ከኮምቦልቻ ወጥቶም መለሰለት። ባቲ ሲደርሱ፣ በዚያ ሙቀት፣ ዝም አለ። አባቴ ለመተንፈሻ የበሳቸው ቀዳዳዎች መደፈናቸውን ያየው ያኔ ከፍቶ ነው።

እንድሪስ፦ አርባ ሰባት ዓመት ወንበሩን እኔ ጋ ያሰፋሉ፣ ኮፈኑን ግን አንድ ቀን ከፍተውልኝ አያውቁም። ጤፉን እንኳ ጣሪያው ላይ ነበር የሚጭኑት፤ እኔም እስቅባቸው ነበር። በየአረፋው ቤቴ እየመጡ ልጆቼን ይመርቃሉ። ምነው ሳይነግሩኝ?

አስካለ፦ እናቴ ንገረው እያለች ትለምነው ነበር። «ለእኔ ብሎ ነው የደፈነው። ሁላችንም እንቅልፍ ከምናጣ እሱ እንኳ ይተኛ» ይላታል።

እንድሪስ፦ ዝጊው እስቲ ኮፈኑን።

አስካለ፦ አልሠራም ማለትዎ ነው?

እንድሪስ፦ ዝጊው ብቻ።

አስካለ፦ ይኸው። …ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ለምን ያንኳኳሉ? ባዶ ነው እኮ።

እንድሪስ፦ ያኔ ሳልጠይቅ ነው እጄን ያስገባሁት። ዛሬ ጠይቄው ልግባ።