ሥጋ ትታ ያበቀለችው ፀጉር

ከሶዶ ወደ ገሱባ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሸምገል ያሉ እናት፣ ሌላዋ ወጣት መምህርት።

"ልጄ፣ ፀጉርሽ እንዴት ያምራል! ቅቤ ነው የምትቀቢው?"

"አይ እማማ፣ ቅቤም አልቀባም። ሥጋ መብላት እንኳን ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ።"

"ወላይታ ሆነሽ? ለዘመን መለወጫው፣ ለጊፋታም አትበይም?"

"ለጊፋታም። ራሴ ያሳደግኩት በሬ ሲታረድ አይቼ እምቢ አለኝ።"

"ቤተሰብ ዝም አለሽ?"

"ኧረ የት! መጀመሪያ ዳቦ በሻይ ብቻ ነበር የምበላው፤ ፀጉሬ በእፍኝ እየረገፈ መሃሉ ተመለጠ። አክስቴ 'ሥጋ ካልበላሽ መላጣ ሆነሽ ትቀሪያለሽ፤ ማን ያገባሻል?' አለችኝ። አለቀስኩ።"

"ታዲያ በላሽ?"

"አልበላሁም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜ ሲመረመር አይረን የሚሉት ንጥረ ነገር አንሶ ተገኘ። ነርሷ 'ጥፋትሽ ሥጋ መተውሽ ሳይሆን፣ በምትኩ ምንም አለመብላትሽ ነው' አለችኝ። ኪኒን ሰጠችኝ። ከዚያ በየቀኑ ቦሎቄ፣ ምስር፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ሎሚ ጨመቅ እያደረግኩ መብላት ጀመርኩ።"

"በቃ?"

"ከወራት በኋላ እንደ ሕፃን ፀጉር ብቅ ብቅ አለ። ይኸው ትከሻዬን አለፈ።"

"አክስትሽስ አየችው?"

"ባለፈው ሳምንት። ዳሰሰችው፣ ጎተተችው፣ ከዚያ 'የራስሽ ነው!' ብላ ጮኸች። አሁንም የምሄደው እሷ ጋ ነው። የእሷም እየሳሳ ስለሆነ፣ የምትበይውን መጥተሽ ሥሪልኝ ብላኛለች።"

ከኋላቸው የተቀመጥኩት እኔ፣ ላጨበጭብ እጆቼን አንስቼ፣ ሰው ሳያየኝ ጭኔ ላይ መለስኳቸው።