በውርጭ በር ካብ ላይ አንድ ድንጋይ፦ የአቶ አስናቀው ህሩይ ዜና ሕይወት

ሰውን ከአፈር አበጅቶ፣ በምድር አኑሮ፣ ቀኑ ሲደርስ ወደ ራሱ የሚጠራ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ ሐዘንተኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም ለዚህ ቀብር የመጣችሁ ወገኖች፤ አሁን የሚነበበው የአቶ አስናቀው ህሩይ ዜና ሕይወት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የእድሩ ሰዎች አርቅቀው ባመጡት የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ሟቹ «ፈገግታ ከፊታቸው የማይለይ፣ ሥራቸውን ሁሉ በደስታ የሚሠሩ» ተብለው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሐዘን ከተቀመጡበት ሆነው ይህ ሲነበብ ሲሰሙ ለቅሷቸውን አቋርጠው፣ «ይኸ ደሞ ማነው? እኔ ይኸን ሁሉ ዘመን የኖርኩት ከሌላ ሰውዬ ጋር ነው እንዴ?» አሉ። ስለዚህ ያ አረፍተ ነገር ተሰርዞ በምትኩ እውነቱ ገብቷል፤ እውነቱም እዚህ ለተሰበሰበው ጆሮ የሚጥም አይደለም።

አቶ አስናቀው ከአባታቸው ከአቶ ህሩይ ወልደ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ የዓለምወርቅ በ1948 ዓ.ም. በጃናሞራ ወረዳ፣ ማለዳ የተነሣ ሰው ረፋዱ ላይ መካነ ብርሃን በሚገባባት መንደር ተወለዱ። ለትምህርት ሲደርሱ እንደ ወጉ የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ፣ ንባብ ለዩ፣ ዳዊት ደገሙ። መምህራቸው ብሩህ ነው ብለው አያውቁም፤ ሰነፍ ነውም አላሉም። ጓደኞቻቸው ቅኔ ሊማሩ ወደ ጎንደር ሲሻገሩ እሳቸው ከአባታቸው ሞፈር ሥር ቀሩ። ከትምህርቱ ይዘውት የወጡት ነገር ቢኖር የዕለቱን ዳዊት ሳያደርሱ ከቤት አለመውጣት ነው፤ ይህንንም ቢሆን ብዙ ጊዜ እያዛጉ፣ አንዳንድ ቀንም እያጉረመረሙ ያደርጉት ነበር እንጂ ፊታቸው ሲያበራ ያየ ሰው የለም።

በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሙሉሰውን፣ ፀደይንና ቢያዝንን ወለዱ። ገብስና ድንች እያመረቱ፣ በግ እያረቡ ቤታቸውን አቆሙ። ጠባያቸው ኮስታራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ፣ አያ አስናቀው?» ላላቸው ሰው የሚሰጡት መልስ «እንደምታየኝ» የሚል ብቻ ነበር። ልባቸው እንደ ደጋ ሰማይ ነበር፤ ሲጠራ ይጠራል፣ ሲደፈርስም ለሳምንት ይደፈርሳል፤ ለምን እንደ ደፈረሰ ግን ራሳቸውም አያውቁትም ነበር።

የእሳቸውን ታሪክ ውርጭ በርን ሳያነሡ መናገር አይቻልም። የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ከጎንደርና ከሌላ ስፍራ ለመጡት ለማስረዳት ያህል፣ ውርጭ በር ከመንደሩ ተነሥቶ ወደ እርሻው፣ ወደዚህች ደብርና ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ገደሉን ታክኮ የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ነው። መንገዱን ከሥሩ ደግፎ የያዘው አንድ ካብ ነው፤ እሱም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የቆመ እንጂ ማያያዣ የለውም፤ በየክረምቱ ጎርፍ ይሸረሽረዋል። ካቡ ከተናደ መንገዱም አብሮት ይሄዳል፤ ያኔ ያለው አማራጭ በሸንተረሩ መዞር ነው፤ ዙሪያው ደግሞ ቀን ይበላል።

በ1980 ዓ.ም. ክረምት የአቶ አስናቀው በቅሎ ገብስ እንደ ተጫነች ካቡ ከእግሯ ሥር ሸሽቶ ገደል ገባች። በቅሎ ያጣ ገበሬ ምን እንደሚሰማው ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። አቶ አስናቀው በንዴት ነድደው፣ ካቡን እንደ አዲስ ሳይሠሩ እንደማያርፉ በታቦት ምለው፣ ዶማቸውን ይዘው ወረዱ፤ እንደ አራት ሰውም ሠሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ወገባቸው ያዛቸው፤ ወገቡ ሲሻላቸው ደግሞ ንዴቱ በርዶ ነበር፤ ንዴቱ ሲበርድም ዶማው ከጎተራ ሥር ገባ። በተከታዩ ክረምት ያ የንዴት ካብ እንዳለ ተናደ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ በዚያን ጊዜ፣ «ስትቆጣ ትክባለህ፤ ቁጣህ ሲበርድ ይናዳል። ምነው በቁጣ ብቻ? ለማለፍ እንደሁ በየቀኑ ታልፋለህ፤ ለማለፍ ልቤ ፈቀደ አልፈቀደ ብለህ አታውቅም። ስታልፍ አንድ ድንጋይ ይዘህ እለፍ፣ በቃ!» አሏቸው።  በማግስቱ አቶ አስናቀው አንድ ድንጋይ ይዘው አለፉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የረጅም ዘመን ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ስለዚህም ነው ማንም ሳያወራው የቀረው። በሩ ሳይደርሱ ከሚያልፉት ወንዝ ዳር አንድ ድንጋይ ያነሣሉ፤ ካቡ ላይ ክፍተት ይፈልጋሉ፤ ድንጋዩን ይሰኩበታል፤ እንዳይነቃነቅ በመዳፋቸው ጫን ብለው ያያሉ፤ ያልፋሉ። ልካቸው አንድ የሆነው አንድ ድንጋይ ብዙ ስለሆነ አይደለም፤ ለተቆጣም፣ ላኮረፈም፣ ጉንፋን ለያዘውም ሰው የሚቻል ስለሆነ ነው። ልጃቸው ፀደይ መምህርነት ለመማር ጎንደር የገባች ዕለት፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጎረቤታቸው አስማረ መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ «አያ አስናቀው፣ ዛሬስ ጥርስዎ ታየ፤ ለዛሬ እንኳ ሁለት አያነሡም?» ቢላቸው፣ «ሁለተኛዋ ደስታ ትፈልጋለች፤ ነገ ደስታውን ከየት አመጣላታለሁ?» ብለው አልፈውታል። አስማረ ይህን ለዓመታት እንደ ቀልድ ሲያወራው ኖሯል፤ ቀልድ ግን አልነበረም።

የበኩር ልጃቸው ሙሉሰው በጎልማሳነቱ በሕመም ሲለያቸው አስከሬኑ ወደዚህች ደብር የመጣው በዚሁ በር ነው። አቶ አስናቀው ከቃሬዛው ኋላ ሲከተሉ ወንዙ ዳር ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አነሡ፤ ከቦታው ሰክተው፣ ጫን ብለው አይተው፣ ልጃቸውን ተከተሉ። «ምን ዓይነት አንጀት ነው! ልጁን ሊቀብር እየሄደ ድንጋይ ይደረድራል» የተባለው ያን ዕለት ነው። እንዲያ ያሉት ሰዎች ዛሬም እዚህ አሉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ግን ሌላ ያውቃሉ፦ በዚያ ቀን ባለቤታቸው ሰማዩም ምድሩም ጠፍቶባቸው ሳለ እጃቸው የሚያውቀው ነገር ያች ድንጋይ ብቻ ነበረች፤ እግራቸው እስከ መቃብሩ የደረሰውም እጃቸውን ተከትሎ ነው።

በመሐሉ ዘመቻዎች መጥተው ሄደዋል። አንድ ዓመት በደብሯ ክብረ በዓል ላይ ከጎንደር የመጡ ሰባኪ ስለ በጎ ሥራ ሲያስተምሩ ያላለቀሰ አልነበረም፤ ሕዝቡ ከዚያው በከበሮና በእልልታ ወደ ውርጭ በር ወረደ። አስማረ ኮሚቴውን እየመራ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ካቡ በአንድ ቀን የሰው ቁመት አከለ፤ ጠላ ተጠጣ፤ ፎቶ ተነሡ። ፊቱ የተዋበው ካብ ሆዱ ባዶ ስለነበረ ግን ሐምሌን ሳይጨርስ ወረደ። «ዝናቡ እኮ አለልክ ነው የዘነበው» አለ አስማረ። አቶ አስናቀው በዘመቻው ዕለትም እንደ ወትሯቸው አንዲቷን ሰክተው ወደ ገብሳቸው አልፈው ነበርና «ኩራተኛ» ተብለዋል። የተናደውን እንደገና ከሥሩ እያነሡ መንገድ ያደረጉትም እኒሁ ኩራተኛ ናቸው። ሃምሳው ሎሚ የማን ጌጥ፣ የማን ሸክም እንደነበረ እግዜር ይፍረድ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት አቶ አስናቀው እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ ስለሄደ ጎንደር ሄደው ታከሙ። ሕመማቸው የልብ ነበር። ሐኪሞቹ መድኃኒት ሰጥተው፣ ትንፋሹ እንደገና ከከበዳቸው ሳይዘገዩ እንዲመለሱ አስጠነቀቋቸው። ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ውርጭ በርን ያለፉት በበቅሎ ጀርባ ላይ ሆነው ነው፤ የዚያን ዕለት ድንጋይ ወይዘሮ ባንቺአየሁ አነሡላቸው። ከዚያ ወዲያ አልተነሡም። ቢያዝን ኑሮው ዛሪማ፣ ፀደይም ጎንደር ፀዳ ስለሆነ፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁም ከአልጋው አጠገብ ስለማይለዩ፣ ካቡ ያለ ሰው ቀረ።

እድርተኛው ሊጠይቃቸው ገብቶ «ምን እናድርግልዎት?» ባላቸው ጊዜ፣ «መድኃኒቱን ፀደይ ትልካለች። ካቡን እንዳትረሱት» አሉ። ልቡ ያልተነካ አልነበረም። አስማረ እንባውን እየጠረገ፣ «አያ አስናቀው፣ ካቡን ለኛ ይተዉት፤ ባለፍን ቁጥር አንድ አንድ! ያላደረገ ታቦቱ ይፍረድበት» አለ፤ ቤቱ ሙሉ «አሜን» አለ። አቶ አስናቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ «እንባው ባይኖርበት ሸጋ ነበር» አሉ። አንዳንዱ ሕመሙ ያመጣው ንጭንጭ ነው ብሎ አለፋቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለድንጋይ ሽሚያ ነበር፤ ሦስትና አራት ተሸክሞ የሚመጣም፣ ተሸክሞ ፎቶ የሚነሣም ታይቷል። ቀጥሎ አረም ደረሰ። ቀጥሎ ዝናብ በረታ። «ዛሬ ልቤ አልፈቀደም» የሚል መጣ፤ «ምነው እኔ ብቻ? አስማረ መቼ አነሣ!» የሚልም መጣ፤ አስማረም በበኩሉ «እሁድ ሁላችን ወጥተን በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን» አለ። እሁድ መጣ፤ እሁድ ሄደ። ድንጋዩ እዚያው ወንዝ ዳር ነበረ፤ ሰውም በየቀኑ በአጠገቡ ያልፍ ነበር። በነሐሴ ማለቂያ ካቡ ተናደ፤ መንገዱም ተቆረጠ። የዚህ ጊዜ እንኳ «እኔ ነኝ» ያለ አልተገኘም፤ እንደ ተለመደው ዝናቡ ተከሰሰ።

በመስከረም መጀመሪያ አቶ አስናቀው ትንፋሽ ከለከላቸው። ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው በጠዋት ወጡ፤ ውርጭ በር ሲደርሱ ግን የሚረገጥ ነገር አልነበረም። ቃሬዛው ሲዞር አቶ አስናቀው ቀና ብለው፣ «ካቡ ተናደ?» ብለው ጠየቁ።  በሸንተረሩ ሲዞሩ ውለው ረፋዱ ላይ የሚደርሱበት መካነ ብርሃን ሲመሽ ደረሱ። ተሸካሚዎቹ ትከሻቸው እስኪላጥ ደክመዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ለአንድ ቀን ሲሆንማ እኛን የሚያህል ብርቱ ሕዝብ የለም። በማግስቱ በማኪና ጎንደር ደርሰው ሐኪሞች የሚቻላቸውን ሁሉ ቢያደርጉም፣ ከአንድ ቀን በፊት ደርሰው ቢሆን ኖሮ ይሻል እንደነበረ ለፀደይ ነገሯት። አቶ አስናቀው ህሩይ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ዛሬ ይህ ሁሉ ለቀስተኛ ከመንደሩ የመጣው በሸንተረሩ ዞሮ ነው። «ምነው መንገዱ እንዲህ ራቀ!» የሚል ምሬት እዚህ ደጀ ሰላም ድረስ ሲሰማ ነበር። መንገዱ አልራቀም፤ መንገዱን ያቀረቡት ሰውዬ ናቸው አልጋ ላይ የወደቁት። የሟቹ ቤተሰብ ስለዚህ አንድ ነገር በብርቱ ያሳስባል፦ ከዚህ ቀብር ሲመለስ ማንም ሰው ድንጋይ እንዳያነሣ። ዛሬ ሁሉም አዝኗል፤ ዛሬ የማይፈቅድ ልብ የለም፤ አቶ አስናቀው ደግሞ እንዲህ ያለውን ቀን አያምኑትም ነበር። ከበሮም፣ ኮሚቴም፣ መሐላም አይፈለግም። ሰልስቱ አልፎ፣ እንባው ደርቆ፣ አረሙ በዝቶ፣ ዝናብ እያካፋ፣ የእሳቸውም ስም ከአፍ በጠፋበት በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ «ዛሬስ ይቅርብኝ» የሚል ሰው ወንዙ ዳር ሲደርስ፣ ያን ጊዜ ጎንበስ ይበል።

አቶ አስናቀው ህሩይ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ባንቺአየሁን፣ ልጆቻቸውን ፀደይንና ቢያዝንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ጠባቂ የሌለውን ውርጭ በርን ትተው ሄደዋል።

አምላከ አብርሃም ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር በማይናደው ቤት ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ባንቺአየሁና ለልጆቻቸው መጽናናትን ያድልልን። ለእኛም ልባችን ባልፈቀደበት ጠዋት የሚታዘዝ እጅ ይስጠን። አሜን።