ዳኛውን ያዳለጠው ሜዳ

በጣሊያን ጊዜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ካሚዮን ላይ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ስለ እሁዱ ኳስ ይከራከሩ ነበር። ወጣቱ ጀመረ።

«ይመር ጣሊያኑን ዳኛ በጥፊ አጋደመው። ዳኛ ፊት ይሟገቷል እንጂ ዳኛ ይመታል? የደሴን ቡድን ስም አጠፋ!»

«የጣሊያኖቹ ጋዜጣ ግን ዳኛው አዳልጦት ወደቀ ይላል።»

«በዚህ በጋ? ሜዳው አቧራ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ሐበሻ ጣሊያን ጣለ ብለው ይጻፉልህ?»

«ወላሂ አጠገባቸው ነበርኩ! ጥፊው ሆጤ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል።»

«ዝም በል፣ ልጄ! ይመር የእህቴ ልጅ ነው፤ ታስሯል። ዳኛውን ያዳለጠው ከሆነ ይፈቱታል።»

«አይ ጋሼ! ያዳለጠው ከሆነ መጀመሪያስ ለምን አሰሩት?»

ለልጄ ንባብ ላስተምርበት የገዛሁትን ያንኑ ጋዜጣ አጥፌ ተቀመጥኩበት።