ለዘነበች ዋስ ስጠየቅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ ባጣሁ ጊዜ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ለአነስተኛ ብድር ተደራጀሁ። መያዣ አይጠየቅም፤ ዋሳችን እርስ በርሳችን ነን። ከጫኖ ሙዝ እያመጣች የምትቸረችረው ጎረቤቴ ዘነበች ተራዋ ሲደርስ፣ የብድር ሠራተኛው ወደ እኔ ዞረ። «እህት፣ ጎረቤቷ ነሽ አሉ፤ ዋስ ትሆኛታለሽ?» ሰው ሁሉ ሲያየኝ አፈርኩና አንገቴን ደፋሁ። ዝምታዬን እንደ እሺታ የሚቆጥሩት መስሎኝ ነበር።

«የተማረችዋ ዝም ካለች የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው» አለች አንዷ። ሌሎቹም አፈገፈጉ፤ ዘነበች ከቡድኑ ወጣች። በር ላይ እጄን ይዛ፣ «እህቴ፣ ምን አይተሽብኝ ነው?» አለችኝ። «ምንም» ማለት አቅቶኝ ጥያት ሄድኩ። ዛሬ የሰው ሙዝ ተሸክማ ትሸጣለች። ሰው «ጎረቤቷን ብድር አስከለከለች» ብሎ በእኔ ሲፈርድ ስትሰማ ግን፣ «ተዉአት፤ ጥፋቴን እኔ ባላውቀው ነው» ትላለች አሉ።