እርጥብ ሣር የመለሰው ንጉሥ

ከዲንሾ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት የምትጽፈውን ልብ ወለድ ለአያቷ ታወራለች።

«ንጉሡ ዘንዶውን ገድሎ አገሩን ያድናል። በመጨረሻ ግን የገዛ እልሁ ይገድለዋል።»

«ሽማግሌ አልላክሽበትም?»

«ልኬያለሁ። እርጥብ ሣር ይዘው ከወንድሙ ሊያስታርቁት ሦስት ጊዜ ሄዱ፤ ሦስቴም መለሳቸው።»

«ሣር የያዘ ሽማግሌ ይመለሳል እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ!»

«እርስዎስ አባባ፣ ባለፈው ሳምንት የመጡትን አልመለሷቸውም?»

«የኔ ሌላ ነው! ወንድሜ የገብስ ማሳዬን ድንበር ገፍቷል።»

«የንጉሡም ወንድም ድንበር ገፍቷል።»

«ታዲያ ሰውየው ልክ ነዋ!»

«ልክ ነው። ግን ብቻውን ነው የሚሞተው፤ ቀባሪ እንኳ የለውም።»

አያትየው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ከፈለጉ ላስታርቀው አባባ። ገና ጽፌ አልጨረስኩም።»

«ወላሂ እንዳታደርጊው! ግደይው ኢንተላ ኮ፣ ግደይው ልጄ፤ ብቻ ተንበርክኮ እንዳይሞት።»

ዓመት ሙሉ ላልደወልኩለት ወንድሜ ልደውል ያወጣሁትን ስልክ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።